መቁረጫ ነጥብ በጁባ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ለኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ የሚያመለክት ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ውጤቱን አምጣ ይባላል። ቁጥር ዘመድ አያውቅምና ጥያቄው ፍትሐዊ ይመስላል። በዚህች ከተማ ግን ነጥቡ ከችሎታ ይልቅ ተማሪው ስንት ዓመት ሳይፈናቀል እንደተማረ የሚናገር ይመስለኛል።

ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ እንግሊዝኛን የሥራና የትምህርት ቋንቋዋ አድርጋ መረጠች፤ በ2013 መጨረሻ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። በ2023 ደግሞ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የተነሳው ጦርነት ብዙ ደቡብ ሱዳናውያንን ወደ አገራቸው መለሰ። ካርቱም ውስጥ ባዮሎጂን በአረብኛ የተማረች ልጅ ጁባ ገብታ በእንግሊዝኛ ትፈተናለች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ጥያቄውን አንብባ እስክትጨርስ ግን ሰዓቱ ያልቃል። ጁባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከነጻነት በፊት በነበረው ጦርነት ወደ ካርቱም ተሰዶ ዓመታት ቆይቶ ነው የተመለሰው። እሱን ማንም ዘገየህ አላለውም! ለስደተኞች በጀርመን ገንዘብ በ1992 የተጀመረው ዳፊ ስኮላርሺፕ በውጤቱ ላይ የዕድሜ ጣሪያ ይጨምራል፤ ጦርነት የበላው ዓመት ሁለቴ ያስከፍላል ማለት ነው።

እኛም ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ ልጆቹን ሰነፎች ማለት ይከብዳል።

ነጥቡ ይቅር ቢባል ግን ዕድሉ በባለሥልጣን ስልክ ይታደላል የሚል ስጋት አለ። እውነት ነው፤ ስለዚህ ነጥብ ይቅር አልልም። አመልካቹ ከራሱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ይወዳደር፤ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጥብቁ መስፈርት ከገባ በኋላ ይምጣ። የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ ድጋፍ የሆነው ፔል ግራንት ገንዘቡን ለመስጠት ከፍተኛ ውጤት አይጠይቅም፤ የቤተሰብን አቅም ያያል። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቢያንስ የሲ አማካይ ሊኖረው፣ ከሚመዘገብባቸው ኮርሶችም በቂውን ሊያልፍ ይገባል። አለዚያ ገንዘቡ ይቆማል።

ጁባ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለችም። በብሪታንያ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የልጃገረዶች ትምህርት ፕሮግራም ለልጃገረዶቹ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ላይ መገኘታቸውን ቆጥሮ ነው።

በዚህ መንገድ ከሚገቡት መካከል በመጀመሪያው ሴሚስተር ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) የሚወጣባቸው ሊበዙ ይችላሉ። ለጋሹ ይህን አስቀድሞ ቆጥሮ ከክፍያው ጋር የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ጊዜ ካልመደበ፣ በሩን ከፍቶ ተማሪውን ደረጃው ላይ እንደመጣል ነው። ኢትዮጵያ የማለፊያ ነጥቡ ላይ ላልደረሱት ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ስትከፍት የገባት ይህ ነው፤ የጊዜው ማጠር ግን አከራክሯል።