በቁሙ ሙሾውን ያወረደ ዘፋኝ

በእኛ ባህል ሙሾ የሚወርደው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አልቃሿ ደግነቱን፣ ዘር ማንዘሩን እየጠራች ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ኡጋንዳዊው ፊሊ ቦንጎሌ ሉታያ ግን ሙሾውን በቁሙ፣ በራሱ አንደበት አወረደ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ሕዝቡ “ስሊም” ያለው ኤድስ ከካምፓላ ቤቶች ጎልማሳ ጎልማሳውን ይወስድ ነበር። ለቀስተኛ አልጠፋም፤ የጠፋው የሞቱን ምክንያት ደፍሮ የሚናገር ነው። አዲስ አበባም ቆየት ብሎ በየድንኳኑ “በምን ሞተ?” ሲባል “ሳንባ ነው” እየተባለ ታልፏል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን የነጠቃቸው አንድ በሽታ መሆኑን ሳይነጋገሩ እዝናቸውን በልተው ይለያያሉ። ሐዘኑ የሁሉም ነው፤ የጋራ ግን አይደለም። ሙዚቃ የጋራ ሊያደርገው ይችላል ብዬ አምናለሁ፣ መጀመሪያ የሚደፍር ድምፅ ከተገኘ።

ሉታያ ስዊድን ይኖር የነበረ፣ “ቦርን ኢን አፍሪካ” በሚለው ዘፈኑ የተወደደ ሰው ነው። በ1989 አገሩ ተመልሶ ኤድስ እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ። ከታዋቂ ኡጋንዳውያን ይህን ያደረገ የመጀመሪያው እሱ ነው። ብዙዎች ግን ካሴት ሊሸጥ ነው አሉት። ልቤን የሚሰብረው ይህ ነው፤ እየሞተ፣ መሞቱን ማሳመን ነበረበት። በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ፣ ሰውነቱ በሕዝብ ፊት እያለቀ አስተማረ፤ ዘፈነም። ዲሴምበር 15 ቀን 1989 አረፈ። ስለ ብቸኝነትና ስለ ፍርሃት የዘፈነው “አሎን” የአገሩ የኤድስ ትግል መዝሙር ሆኖ ቀረ።

ከእሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ባለቤታቸውን በኤድስ ያጡት ኖሪን ካሌባ ከጓደኞቻቸው ጋር ታሶ የተባለውን ድርጅት መሥርተው ነበር። በታሶ የሙዚቃና የድራማ ቡድኖች የሚዘምሩት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ ሳይደርስ ከመሃላቸው የሚሞቱ ነበሩ፤ ዝማሬው ግን አልተቋረጠም። እዚህ ላይ ሐዘንተኛ ተቀምጦ የሚያጽናኑት ሰው ብቻ አይደለም፤ ግጥም ያጠናል፣ ከበሮ ይመታል፣ ድምፁን ከጎኑ ካለው ጋር ያስማማል። የእድር ሰው ድንኳን ሲተክልና ወጥ ሲሠራ ያየ ይህ ምን ያህል እንደሚያበረታ ያውቃል።

ዘፈን ቫይረስ አያቆምም። ሰውን በሕይወት ያቆየው መድኃኒት ነው፤ ያም ለብዙዎች ዘግይቶ ደረሰ። ደግሞም ዘፈን “ተጠንቀቁ” ብቻ ሲል ማስታወቂያ ይሆናል። በእኛም አገር ስለ ኤድስ ብዙ የምክር ዘፈን ሰምተናል፤ የሞቱብንን ያለቀሰልን ግን ጥቂት ነው።

የኡጋንዳ እናቶች ደግሞ ብዕር አነሱ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሴቶች ማኅበር በሆነው ናኮላ አማካይነት ለልጆቻቸው የማስታወሻ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ የጎሳቸውን ስም፣ የአባትየውን ታሪክ፣ የራሳቸውን ልጅነት፣ ሕመማቸውንም ጭምር። ብዙዎቹ የጻፉት ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሲጠይቃቸው እየመለሱ ነው።