እንቁጣጣሽን በመንገድ

ውድ አንባቢዬ ሆይ፤ በ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት የት ዋልህ? ብዬ ብጠይቅህ መልስህን ከወዲሁ የማውቀው ይመስለኛል። እንደ እኔው ከሆንህ፥ ዶሮው ተበልቶ፥ ቡናው ተፈልቶ፥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፥ ከግድግዳው ተደግፈህ የበዓሉን ዘፈን ስትሰማ ነበር። አንቺም እኅቴ፥ ተማሪም ሁኚ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፥ ከዚህ ብዙ አልራቅሽም። ዘፈን የሌለበት በዓል አልጫ ነው እንላለን። ዘፈኑን የሚያመጣልን ሰው ግን በዚያው ሰዓት በየትኛው አገር፥ በማን ቤት፥ ምን ቀምሶ እንደ ዋለ ጠይቀን አናውቅም። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርሁት አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍም ለምኖኛል። በሒሳብ ደካማ፥ በክራር ግን ብርቱ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከዚራ ከዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ መጥቶ፥ «ቲቸር፥ እናቴን ያነጋግሩልኝ» አለኝ። ለካ አንድ የትርኢት አዘጋጅ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት አሰናድቶ፥ በዋዜማው በድሬዳዋ፥ በዕለቱ በሐረር፥ ቀጥሎም በጭሮና በአዳማ ሊያሳይ አስቦ ኖሮ፥ ክራር መቺ ሲፈልግ ይህን ልጅ አግኝቷል። የሚከፍለውም 8000 ብር ነው። እናቱ ደግሞ «እንቁጣጣሽን በሰው አገር የሚውል ልጅ አልወለድሁም» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል።

እኒህ ሴት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቀፊራ ገበያ ቅመም እየሸጡ ያሳደጉት ይህንኑ አንድ ልጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። ቡና ቀረበ። እኔም መምህር ነኝና ጉዳዩን በቀጥታ መናገር ሲገባኝ በታሪክ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ምሳሌዬ የዚሁ ከተማ ልጅ ነበር። አሊ መሐመድ ሙሳ እዚህ ድሬዳዋ፥ ገንደ ቆሬ ተወለደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ፥ ገና ጢም ሳያበቅል፥ አፍረን ቀሎ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ገባ። በመድረክ መጀመሪያ የዘፈነው «ቢራ ዳ በሪኤ» የተባለውን ዘፈን ነበርና ከዚያ ወዲያ አሊ ቢራ ተብሎ ቀረ። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወራት፥ ማለት ይኸው የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ጓዱ ሲታገድ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፤ በኋላም አዲስ አበባ ገብቶ ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጋራ ሠራ። ብዙ አገር ዞሮ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አፈሩ የሆነው ድሬዳዋ ነው።

ሁለተኛው ጥላሁን ገሠሠ ነው። ወሊሶ ተማሪ ሳለ የአገር ፍቅር ቴአትር ሰዎች በየአውራጃው ሲዞሩ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ተጫወቱ። ከመካከላቸው እነ ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ነበሩ። ልጁ ኢዮኤልን ጠጋ ብሎ የልቡን ነገረው፤ ኢዮኤልም አዲስ አበባ መምጣት ያስፈልግሃል አለው። ከዚያ ወዲያ ልጁን የሚይዘው አልተገኘም፤ ከቤት ጠፍቶ በእግሩ መንገድ ጀመረ። «ተመልከቱ እንግዲህ እትዬ» አልሁ፥ በራሴ ንግግር እየተደሰትሁ፤ «እነዚያ ሰዎች ያን ጊዜ ወደ ወሊሶ ባይሄዱ ጥላሁን የሚባል ድምፅ ባልሰማን ነበር።»

እናትዮዋ ሲኒዬን ተቀብለው ደገሙልኝ። «መምህር፥ ጨዋታዎ ደስ ይላል» አሉኝ። «ልጁ ከቤት የጠፋ ዕለት ግን ያሳደጉት ሰዎች ምን ብለው እንዳመሹ የጻፈው ሰው አለ?»

በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ፕሮፌሰር አልነበረም። ዝም አልሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ይሂድ። እርስዎ ዋስ ከሆኑኝ ይሂድ» አሉ። ዋስ ሆንሁ።

ለመንገደኛ ሙዚቀኛ ድሬዳዋ እንግዳ አይደለችም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፥ ከተማይቱም የተወለደችው ከዚሁ ጋራ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩ ተፈጽሞ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ ሲመጡ፥ ያለዚህ ሐዲድ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። የእኛ ልጅ ግን የተሳፈረው በሚኒባስ ነው። አሥራ አንድ ሰው፥ ሁለት የድምፅ ማጉያ፥ አንድ ከበሮ፥ አንድ ኪቦርድ፥ አንድ ማሲንቆ፥ አንድ ክራር፥ የተወዛዋዦቹ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሚኒባስ።

ማሲንቆውን የያዙት አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ልጁ ክራሩን ከጣራ ላይ ሊጭን ሲል፥ «ልጄ፥ እርሱ ሻንጣ መሰለህ?» ብለው አስወረዱት። ራሳቸው ማሲንቋቸውን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ነበር ያስቀመጡት። የክራር ድምፅ የሚወጣው ከተወጠረው ቆዳ ነው። ቆዳ ደግሞ በደረቅ ሙቀት ይወጠራል፥ በእርጥብ ብርድ ይረግባል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቆላ ናት፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተህ ሐረር ስትደርስ ከ1800 ሜትር በላይ ነህ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በዋዜማው ድሬዳዋ ላይ የተቃኘ ክራር በማግሥቱ ሐረር ላይ ሌላ ክራር ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ከመነሣት በፊት አውታሩን ማላላት፥ ከደረሱ በኋላ መሣሪያውን አገሩን እስኪለምድ ማቆየት፥ ከዚያ መቃኘት እንደሚገባ አስተማሩት። እኔ በሦስት ዓመት ያላስተማርሁትን ትዕግሥት በአንድ ዳገት አስተማሩት ማለት ነው።

ሐረር የደረሱት በበዓሉ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ነው። ልጃገረዶች አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ፤ ከየግቢው የወጥ ሽታ ይመጣል። የእኛ ሰዎች ግን የሆቴሉ ወጥ ቤት ለበዓል ዘግቶ ስለ ነበር፥ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በብስኩትና በለስላሳ ቆዩ። አንደኛዋ ተወዛዋዥ ጥግ ይዛ በስልክ ከልጇ ጋራ ስትነጋገር አለቀሰች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው እርሷ ነበረች። ሽማግሌው በዓልን በቤታቸው ከዋሉ ስንት ዓመት እንደ ሆናቸው ልጁ ቢጠይቃቸው፥ ቆጥረው ተዉት። ይህን ሲነግረኝ ጥላሁንን አሰብሁ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ስንቱን በዓል በእርሱ ድምፅ አሳለፈ! እርሱም ያረፈው በበዓል፥ በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ 11 ቀን፥ በፋሲካ ዕለት ማታ ነበር።

ሐረር ላይ አንድ ነገር ሆነ። ትርኢቱ መካከል ሲደርስ ከኋላ ወንበር «አሊ ቢራ! አሊ ቢራ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዘፋኙ መልካም ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ኦሮምኛ ግን አያውቅም። ፈገግ ብሎ ሊያልፈው ሲል ጩኸቱ ባሰ። ያን ጊዜ የእኛ ልጅ ማንም ሳያዘው ክራሩን አነሣና የመግቢያውን ዜማ መታ። ገንደ ቆሬን በየዕለቱ እያቋረጠ ያደገ ልጅ ስለ ሆነ ዜማው በጣቱ ውስጥ ነው። ሊዘፍን አፉን ከፈተ፤ ግን መዝፈን አላስፈለገውም፤ አዳራሹ ሁሉ ተነሥቶ ዘፈነለት። ኦሮሞው፥ አደሬው፥ አማራው፥ ሶማሌው፥ ሁሉም እንደየአፉ። ሲያበቃ እየመጡ ብሩን በክራሩ አውታር መካከል ሰኩለት። ሽማግሌው በጆሮው፥ «ይህንን ለማንም እንዳትሰጥ፥ ካልሲህ ውስጥ ክተት» አሉት። ያን ጊዜ የቀልድ መስሎት ነበር።

ጭሮን በአጭሩ እለፈው፤ ዝናም ዘነበ፥ መብራት ጠፋ፥ ግማሹን ያለ ማጉያ ተጫወቱ።

አዳማ ላይ አዘጋጁ «አዳራሹ አልሞላም» አለ። ለእያንዳንዱ 2000 ብር ሰጥቶ የቀረውን ነገ ጠዋት አመጣለሁ ብሎ ወጣ። ነገ ጠዋት ስልኩ ዝግ ነበር። ልጁና ሽማግሌው በአንድ አልጋ እየተኙ ሁለት ቀን ጠበቁ።

እዚህ ላይ፥ አንባቢዬ፥ የማፍረው በራሴ ነው። ዋስ የሆንሁት እኔ ነኝ። ስለ አሊ ቢራና ስለ ጥላሁን ሰፊ ንግግር ሳደርግ «ውሉ የታል?» ብዬ አንዲት ቃል አልጠየቅሁም። አንተ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምታረቅ ወዳጄ፥ አንዲት ጎማ ለመግዛት ሦስት ፊርማ ትጠይቃለህ፤ ለመሥሪያ ቤትህ የበዓል ዝግጅት ሙዚቀኛ ስትጠራ ግን በስልክ «ና» ትለዋለህ፥ ዋጋውንም «በኋላ እንነጋገራለን» ትላለህ። ስንት ብር፥ በየትኛው ቀን፥ ምግቡና መኝታው በማን፤ ይህን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ አይፈጅም። አንተም ድምፀ መልካም ተማሪ፥ ግማሽ ገጹ ሳይፈረም ሚኒባስ ላይ እግርህን አታንሣ። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉ ሕፃናት እንኳን ከእኛ ይበልጣሉ፤ ሙልሙላቸውን ሳይቀበሉ ከደጅህ ንቅንቅ አይሉም።

ልጁ ረቡዕ መስከረም 7 ቀን ማታ ድሬዳዋ ገባ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እናቱ አስጠሩኝ። ወቀሳ ይጠብቀኛል ብዬ የይቅርታ ቃሌን በመንገድ ሳጠና ሄድሁ። ግቢው በር ላይ ጎረቤታቸው አግኝተውኝ፥ «ተመስገን፥ ዛሬስ ልንተኛ ነው» አሉኝ። ለካ ሴትዮዋ የእንቁጣጣሹን አውራ ዶሮ ሳያርዱ ልጁ እስኪመጣ ድረስ ሳምንቱን ሙሉ አስረው አቆይተውት፥ በየሌሊቱ ሲጮኽ ሰፈሩን እንቅልፍ ነሥቶት ኖሯል። ልጁ ደግሞ የደረሰው በጾም ቀን ነውና ዶሮው አንድ ሌሊት ተጨምሮለታል።

ቤት ስገባ ሣር ተጎዝጉዟል፤ አደይ አበባው ጠውልጓል፤ ወጡ ቀርቧል። ስለ ዋስትናዬ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ያም ከወቀሳ ይብስብኝ ነበር። ልጁ ከካልሲው ያወጣውን 1450 ብር መሶቡ አጠገብ አስቀመጠ። እርሳቸው ብሩን አላነሡትም።

«ሐረር ላይ ሰው ሁሉ የተነሣልህ የቱ ነው? እስቲ አሰማኝ» አሉት።

ክራሩን አወረደ። ከአዳማ መንገድ በኋላ አንዱም አውታር በቦታው አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ መቃኘት ጀመረ። እናቱ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ይጠብቁታል። እኔም ጎርሼ ማላመጤን አቆምሁ።