ሥራን ከስሙ ይልቅ በግብሩ ስለ መለየት

ሁለት ሥራዎች በስም አንድ ሆነው በግብር ሊራራቁ መቻላቸው ለቤተ ክህነት ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በታላቅ ደብር የተሾመው ቄሰ ገበዝ ከብዙ አገልጋዮች መካከል ሆኖ ንዋየ ቅድሳቱን ይጠብቃል፤ ካህናት በጐደሉበት የገጠር አጥቢያ ያለው ግን በዚያው ስም ይቀድሳል፤ ደወል ይደውላል፤ መባውን ይቀበላል፤ ቅጥሩንም ያሳጥራል። ሁለቱን በስማቸው ብቻ አይቶ አንድ መደብ የሚሰጥ ሹም ፍርዱ ቀና አይሆንም።

ይህም ነገር በቡና አገር ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ ከሸዋ ቤንችና ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ድረስ፣ በቡና ላይ የሚውለው እጅ ብዙ ነው። ከዛፉ ቀዩን ለይቶ የሚለቅመው፣ በመፈልፈያው አጠገብ የሚቆመው፣ በአልጋ ላይ የተሰጣውን የሚያገላብጠው፣ ሁሉም ብዙ ጊዜ «የቀን ሠራተኛ» በሚል አንድ ስም ይታለፋሉ።

ለዚህ መድኃኒቱ መቍጠር ነው። አስቀድሞ በሥፍራው የሚሠራው ግብር ሁሉ ይዘረዘራል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሠራተኛ ከጊዜው ምን ያህሉን በየትኛው ግብር ላይ እንደሚያውል ይጠየቃል። መልሱ በሰንጠረዥ ሲሰፍር የአንዱ ሠራተኛ ከሌላው መራቅና መቅረብ በቍጥር ይታያል። በአሜሪካ አየር ኃይል የሠራተኛ ጥናት ክፍል ይሠራ የነበረው ጆ ዋርድ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው ዘዴ እጅግ የሚቀራረቡትን ሁለቱን አስቀድሞ ያጣምራል፤ ሁሉም በአንድ እስኪጠቃለሉም ድረስ በየእርምጃው ልዩነትን በጥቂቱ ብቻ የሚጨምረውን ጥምረት ይመርጣል። ልዩነቱ በድንገት ከሚሰፋበት ላይ መቆም ይገባል። ስሌቱ ግን ያመለክታል እንጂ የመደቡን ብዛት የሚቈርጠው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ጠያቂው ካልተጠነቀቀ ቍጥሩ ራሱ ያታልላል። በኅዳር የተጠየቀ ሰው ለቃሚ ነኝ ይላል፤ ያው ሰው በሰኔ ችግኝ ይተክላል፤ አረምም ይነቅላል።

ከዚህም የሚከፋው ጊዜን ብቻ መለካት ነው። የተፈለፈለው ቡና በማጠቢያው ገንዳ ሲብላላ ያድራል፤ ልጋጉ መልቀቁን ለማወቅ የለመደ ሠራተኛ እጁን ሰድዶ ፍሬውን ያሻል፤ ማሙለጭለጩን ትቶ ከሻከረ መታጠብ ይጀመራል። ይህ ፈተና የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቢዘገይ ግን ቡናው ይሸታል፤ የብዙ ለቃሚ ድካምም ከዋጋው ይወርዳል። በጊዜ ብቻ የተሠራ ሰንጠረዥ ይህን ሰው ከገንዳ ጠራጊው ጋር ያጣምረዋል፤ ደመወዙም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከጊዜው ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ ያሻል፤ ይኸውም ሥራው ቢሳት የሚጠፋው ምን ያህል ነው የሚል ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2000 ዓ.ም. የታደሰው የሥራ አመዳደብ 436 ንዑሳን ክፍሎች አሉት። አገርን ከአገር ለማመዛዘን ይበቃል፤ ለአንድ ማጠቢያ ግን እጅግ ሰፊ ነው። በኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. ገደማ የመንግሥት የሥራ መደቦች በነጥብ ሲመዘኑ መነሻው በጽሑፍ የቀረበ የሥራ ዝርዝር ነበር። ዝርዝርን አለቃ ሲጽፈው መሠራት የሚገባውን ይጽፋል፤ የሚሠራውን የሚያውቀው ግን ሠራተኛው ነው። ሹማምንትም፣ ቡና የሚያጥቡ ማኅበራትም፣ ዝርዝሩን ከማጽደቃቸው በፊት ወደ ገንዳው ወርደው በለቀማም በአረምም ወራት ቢጠይቁ መዝገባቸው ከዛሬው የተለየ ይሆናል።