የሚጎተት መኪና ለምን ይግላል?

ዛሬ በመንገድ ላይ ያየነውን እናካፍላችኋለን።

ገላን ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ያልፋል። የተበላሸ መኪናም በገመድ ሲጎተት እናያለን።

በቅርቡ እኛ አስተማሪዎችና አራት ተማሪዎቻችን ከዱከም ወደ ገላን እንመለስ ነበር። እህል የምትጭነው ፒክአፕ አልነሳ ስላለች ትራክተር ይጎትታታል። እኛም በኋላዋ ተቀምጠናል። ይህ ራሱ ስሕተት ነበር። በሚጎተት መኪና ላይ ከሹፌሩ በቀር ማንም መቀመጥ የለበትም።

ጥቂት እንደሄድን የሚቃጠል ነገር ሸተተን። የግራው የኋላ ጎማ ይጨሳል! ጮኸን አስቆምንና ወረድን።

«ሞተሩ አይሠራም። ታዲያ ምን አጋለው?» አለች አንዲት ተማሪያችን።

ጥያቄዋ ጥሩ ነው። እስቲ ሁለት እጃችሁን አጥብቃችሁ ፈትጉ። ይሞቃል አይደል? ፍሬንም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን በደንብ አልለቀቀም ነበር። እኛም ተምረናል የምንለው አልጠየቅንም።

አንዱ ውሃ ይዞ መጣ። ከለከልነው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቆሞ በነፋስ ይቀዝቀዝ።

ይህን ስንል ትራክተሩ ደግሞ እንፋሎት መትፋት ጀመረ። ፍሬን የያዘ መኪና መጎተት ከባድ ጭነት ነው። አንድ አባት የራዲያተሩን ክዳን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ሊከፍቱ ሄዱ። ከክዳኑ አጠገብ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ቆጠረው። «ሲ… ሞ… ቅ… አ… ት… ክ… ፈ… ቱ…» ወዲያው «ኧረ አባባ፣ ይተዉ!» ብሎ እጃቸውን ያዘ። ያ ተማሪ ከጥቂት ወራት በፊት «ሀ»ን ከ«ለ» አይለይም ነበር።

ክዳኑ ቢከፈት ምን ይሆን ነበር? በደጋ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል ታውቃላችሁ። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በገላን ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚህ በላይ ቢሞቅም፣ ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ ሲከፈት ግን በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ላይ ይተፋል። ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

መኪና ከመጎተቱ በፊት እነዚህን እንመልከት፦

1. የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ።

2. ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን። ማርሽ ከገባ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል።

3. መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ ይከፈት።

4. ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ በገመድ አይጎተት። ሞተሩ ሲቆም የካምቢዮው ዘይት አይዘዋወርም። ካምቢዮው ግሎ ይበላሻል። በሌላ መኪና ላይ ይጫን።

5. በዝግታ ይነዳ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይጠነክራል፤ በኃይል መርገጥ ያስፈልጋል።

6. ጥቂት ተሂዶ ይቁም። እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል።

ሞተር ሲግል ደግሞ ቁሙ፣ አጥፉ፣ ጠብቁ። ሲቀዘቅዝ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ውሃው ጎድሏል? ቱቦው ያንጠባጥባል? ቺንጊያው ላልቷል ወይስ ተበጥሷል? ራዲያተሩን ገለባና አቧራ ደፍኖታል? መልሱ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ይገኛል።

እኛ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ሹፌሩ ብቻ ተቀመጠ። እኛ በእግራችን ገላን ገባን።

ጥያቄዎች

ሀ. ሞተሩ የማይሠራ መኪና ጎማው ለምን ጋለ?

ለ. የጋለ ራዲያተር ክዳን ለምን አይከፈትም?

ሐ. በአካባቢያችሁ ባለ ትራክተር ወይም ወፍጮ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ? አንብባችሁ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ንገሩ።