ቀይ ሥር ደም ይሆናል ወይ?

ዛሬ ስለ ቀለም እናውጋ።

የምኖርበት ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ገበያ ስንወጣም ብዙውን ነገር «ቀይ» እያልን ነው የምንገዛው፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥር፣ ቀይ ጥቅል ጎመን። እስቲ ቤት ገብታችሁ በመስኮት ብርሃን አስተውሏቸው። የሽንኩርቱ ልጣጭም፣ የቀይ ሥሩ ውስጥም፣ የጎመኑ ቅጠልም ወይን ጠጅ ወይም ሐምራዊ ነው። ደበርጃን፣ ጥቁር የምንለው ወይንና ፕሪምም የዚሁ ቀለም ዘመዶች ናቸው። ሐምራዊውን ቀይ ብሎ መጥራት ማንንም አይጎዳም። ጉዳት የሚመጣው «ቀይ ከሆነ ደም ይተካል» ስንል ነው።

በነርስነት ሥራዬ ዘመን ደጋግሜ ከሰማኋቸው ምክሮች አንዱ ይኸው ነበር። ነፍሰ ጡሯ ደም አንሷታል ትባላለች፤ የብረት እንክብል ይሰጣታል። ቤት ስትደርስ አማቷ ወይም እናቷ «ይህ ኪኒን ሆድ ያደርቃል፤ ይልቅ ቀይ ሥር ጨምቄ አጠጣሻለሁ» ይሏታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እንክብሉ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ቀለሙና ብረቱ ለየቅል ናቸው

የቀይ ሥር ቀለም ቤታላይን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ሲሆን በውስጡ ብረት የለም። የደማችን ቅላት ደግሞ ብረት ካለው ሄሞግሎቢን ነው። ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም ዝምድና የላቸውም።

በቁጥር እንየው። 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ብረት 0.8 ሚሊግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር የሚመክረው ዕለታዊ እንክብል ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት፣ ከ0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ጋር የያዘ ነው። 30ውን ሚሊግራም ከቀይ ሥር ብቻ ለማግኘት በቀን አራት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቀይ ሥር መብላት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሰውነታችን ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት የሚወስደው በጥቂቱ ነው።

ሌላም አለ። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ቢቀላ «ደም ሆነልኝ» ብሎ ይደሰታል፤ ወይም «ደም ሸናሁ» ብሎ ይደነግጣል። ሁለቱም አይደለም፤ ቀለሙ ሳይፈጭ አልፎ ነው። እንዲያውም ይህ መቅላት ብረት ባነሳቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ እንደሚታይ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ቀይ ሥር ሳይበሉ ሽንት ከቀላ ግን ሳይዘገዩ መታየት ነው።

ይህን ስል ቀይ ሥርን ማጣጣሌ አይደለም። ፎሌት አለው፤ ፎሌት ደግሞ ለነፍሰ ጡርም ለጽንሱም ያስፈልጋል። የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ የሚያደርግ ናይትሬትም አለው። ከነልጣጩ ቀቅላችሁ ኋላ ብትልጡት ቀለሙም ጣዕሙም አይፈስም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃንም ጭማቂው አይሰጥ።

ታዲያ ደም ላነሳት ምን ይሁን?

መጀመሪያ የደም ምርመራ። የደም ማነስ መነሻው የምግብ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የመንጠቆ ትል፣ ወባ፣ የወር አበባ መብዛት፣ የተደበቀ መድማትም ያመጡታል። መነሻውን ያላወቅነውን ነገር በጭማቂ ስንደልል ጊዜ ያልፋል።

የብረት እንክብል ከታዘዘ ይዋጥ። ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አትደንግጡ። የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ማታ ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል። ሆድ ካደረቀ ውኃና አትክልት ይጨመር። አሁንም ካስቸገረ ወደ ሰጣት ባለሙያ ተመልሳ ትንገር እንጂ በራሷ አታቁም። ደግሞም እንክብሉን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ፍሬ ከዋጠ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በማዕድ በኩል ምስር፣ ሽምብራ፣ ሥጋ ለተገኘለት በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ የጤፍ እንጀራም ብረት አላቸው። ከነዚህ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ያ ሐምራዊ ጥቅል ጎመን በሰላጣ ቢቀርብ፣ ቫይታሚን ሲው የእህሉን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታል፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ቢጠጡ ይሻላል። ቡናው ይቅር አላልኩም፤ ጀበናው ትንሽ ይዘግይ ነው ያልኩት።

ሰላጣውን ስታዘጋጁ አደራ። በከተማችን ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ አትክልት የከተማውን ፍሳሽ በተሸከመ ውኃ የሚጠጣ ነው። ጥናቶችም በወንዙ ውኃና በአትክልቱ ላይ ከባድ ብረታ ብረቶች አግኝተዋል። በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ አፈሩንና የትል እንቁላሉን ይቀንሳል፤ በሥሩ የገባውን ብረታ ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አይታፈርበት፤ ከአንድ ቦታ ብቻ አትግዙ።

ከአጥር ላይ የሚለቀም ሐምራዊ

ይህ ክፍል ለአያቶች ነው። በገጠር ያደጋችሁ ዶቅማን፣ አጋምን፣ የዱር እንጆሪን ታውቃላችሁ። ሲበስሉ ወደ ሐምራዊ ጥቁር ይሄዳሉ፤ ጣፋጮች ናቸው። በኮንዶሚኒየም ያደገ የልጅ ልጃችሁ ግን «ጥቁር ፍሬ ይበላል» የሚለውን ብቻ ከሰማ አደጋ ላይ ነው።

የወፍ ቆሎ የሚባለውን የአጥር አበባ ተመልከቱ። አበባው ሮዝ፣ ቢጫና ሐምራዊ ተደባልቆ ያምራል። ፍሬው ሲበስል አውጥ ይመስላል፤ ስሙም ልጅን ይጠራል። አረንጓዴው ፍሬ ግን መርዝ ነው፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ አቅም ያሳጣል። አውጥም ቢሆን ያልበሰለው አይነካም።

ከሁሉ የሚከፋው አስተናግር ነው። የግንባታ አፈርና ቆሻሻ በተደፋበት ሁሉ ይበቅላል። አበባው እንደ ጥሩምባ ሆኖ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ፍሬው እሾኻም፣ ውስጡም በትናንሽ ዘር የተሞላ። ስያሜው ሥራውን ይናገራል፤ የበላው ልጅ ይቀባዥራል። አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል።

ልጅ ያልታወቀ ፍሬ ከበላ አፉን አጽዱና አጉመጥምጡት። አታስመልሱት፤ ወተትም፣ የጨው ውኃም፣ ዘይትም አትጋቱት። የበላው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ያዙ። ከተክሉ ቅጠሉንና ፍሬውን ቆርጣችሁ በፌስታል ይዛችሁ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሐኪሙ ተክሉን ካየ ሥራው ይቀልለታል።

ለልጆቹ የሚሆን ጨዋታ

ቀለምን በማስፈራራት ብቻ አናስተምር። ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ክተፉ፤ ፈላ ያለ ውኃ ትልቅ ሰው ያፍስበት፤ ሲበርድ አጥልሉትና በሦስት ብርጭቆ ቅዱት። በአንዱ ሎሚ ጨምቁ፤ ይቀላል። በሌላው ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ይቆይ። ይህ የጎመኑ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል። ያንኑ ሎሚ በቀይ ሥር ውኃ ላይ ብትሞክሩት ቀለሙ ያን ያህል አይለወጥም፤ የተለየ ንጥረ ነገር ነውና። ልጆቹ በዚያ ላይ አንድ ነገር ይማራሉ፤ በመልክ የተመሳሰለ ሁሉ አንድ አይደለም።

ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭም አበባው ሐምራዊ ነው፤ ውብም ነው። ዓይን ያየውን ሁሉ እጅ አይቀጥፈውም።

በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች መሳቢያዋን እንድትከፍት ጠይቋት። እንክብሉ እዚያው ካለ ቀይ ሥሩን ከምሳዋ ጋር አቅርቡላት፤ እንክብሉንም ከውኃ ጋር።