ማኅተሙን ማን ይያዘው?

የሰርቨር ነገር ሲነሣ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች «ይህስ የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ጣጣ ነው» ብለን ፊታችንን ማዞር ልማዳችን ሆኗል። ይህ ልማድ ይብቃ እንላለን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከሽቦና ከብረት ይልቅ የሥልጣን ጉዳይ ነውና። በስማችን የሚፈርመው ማን ነው? የሚፈርመውንስ ማን ይቈጣጠረዋል? ይህን ለመጠየቅ ታሪክና ፍልስፍና የሚያጠና ሰው ከማንም አያንስም።

በንጉሡ ዘመን ማኅተሙ የሚጠበቀው በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ነበር። የደብዳቤው እውነተኛነት የሚታወቀው በማኅተሙ ስለ ነበረ፥ ማኅተሙን የያዘ ሰው ቃሉንም የያዘ ያህል ነበር። ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ ሁለት አገልግሎቶች አሉ። አንደኛው መታወቂያ ቁጥራችንንና የይለፍ ቃላችንን ተቀብሎ «አዎን፥ እርሷ ናት» ብሎ ማንነታችንን የሚያረጋግጠው ነው። ሁለተኛው የሬጅስትራሩ ገጽ በእውነት የሬጅስትራሩ መሆኑን በማኅተም የሚመሰክረው የሰርተፊኬት አገልግሎት ነው።

የመጀመሪያው ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከሚሠራባቸው የማንነት ማረጋገጫ ስልቶች አንዱ የሆነው ከርቤሮስ፥ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተጀመረው የአቴና ፕሮጀክት የወጣ ነው። ተማሪው በግቢው ውስጥ ባገኘው ኮምፒውተር ሁሉ ተቀምጦ ሲሠራ፥ የይለፍ ቃሉ በመስመሩ ላይ ሳይንከራተት እንዲታወቅ ታስቦ ነበር። ስሙ የተወሰደው በግሪኮች ተረት የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ብዙ ራስ ውሻ ነው። (በ1988 አሳቡን ለማስረዳት የተጻፈው ጽሑፍ ደግሞ በአራት ትዕይንት የተከፈለ የቴአትር ንግግር መሆኑን ለቴአትር ወዳጆቻችን በጆሯቸው ሹክ እንበላቸው።)

እንግዲህ ውሻውም ማኅተሙም ዛሬ የሚኖሩት የት ነው? ቀድሞ ለየሥራው አንዳንድ ሰርቨር ይቆም ነበር። አሁን ግን ጥቂት ብርቱ ማሽኖች ይቆሙና በውስጣቸው ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች፥ ማለትም በፕሮግራም ብቻ ያሉ ሰርቨሮች፥ በጥገኝነት ይኖራሉ። ይህ ገንዘብም ቦታም መብራትም የሚቈጥብ ጥበብ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ቨርቹዋል ማሽን ከነነፍሱ ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ ይገለበጣል። የማኅተሙ ምስጢራዊ ቁልፍ በዚያ ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ፥ ፋይሉን የገለበጠ ሁሉ ማኅተሙን ወሰደ ማለት ነው። የብረት ማኅተም ቢሰረቅ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸኛው ግን ከተሰረቀም በኋላ በቦታው እንዳለ ነው። ባለቤቱ በምን ይወቅ?

ሌላም አለ። ቨርቹዋል ማሽን በትናንት መልኩ ተቀምጦ፥ ነገር ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ሊመለስ ይችላል። ለብዙ ሥራ ይህ በረከት ነው። የሰርተፊኬት ሰርቨር ወደ ባለፈው ሳምንት ሲመለስ ግን ከዚያ ወዲህ የፈረማቸውን ከመዝገቡ ያጣቸዋል። ወረቀቱ በውጭ ሲዞር ፈራሚው አላውቀውም ይላል፤ ያላወቀውንም መሻር ይቸግረዋል። ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርቨርም ወደ ኋላ ሲመለስ መዝገቡ ከባልንጀሮቹ መዝገብ ጋር ይጣላል፤ ማይክሮሶፍት ይህን የሚያስታውቅ ምልክት የጨመረው በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የማንነት ሰርቨሩ የሚኖረው በትልቁ ማሽን ውስጥ፥ ትልቁን ማሽን የሚያስነሣው ሠራተኛ የሚታወቀውም በዚያው ሰርቨር ብቻ ከሆነ፥ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው መሆን ነው።

ይህ የፈሪ ወሬ ነው የሚል ቢኖር የሆላንዱን ዲጂኖታር ያስታውስ። (ቀኖቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ዲጂኖታር ለሆላንድ መንግሥት ሳይቀር ሰርተፊኬት የሚሰጥ ድርጅት ነበር። በ2011 ሰርጎ ገቦች ገቡበትና ጁላይ 10 ቀን በጉግል ስም የሐሰት ሰርተፊኬት ወጣ። በኋላ የታወቁት የሐሰት ሰርተፊኬቶች በጠቅላላው 531 ናቸው። ድርጅቱ ጁላይ 19 ቀን ነገሩን ደርሶበት ሳለ ለሕዝብ አልተናገረም። ያ ዝምታ ያስከተለውን መርማሪዎች ቈጥረውታል፤ በሐሰቱ ሰርተፊኬት የተታለሉት የኢንተርኔት አድራሻዎች 300,000 ያህል ሲሆኑ ከሞላ ጐደል ሁሉም የኢራን ነበሩ። እያንዳንዱ አድራሻ ኢሜሉን ሲከፍት በመካከል የሚያዳምጠው ሊኖር እንደሚችል ያላወቀ ሰው ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ የተጻፈ ነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል መናገር አያሻም።

በሩ እንዴት ተከፈተ? መርማሪዎቹ እንደ ገለጹት የሰርተፊኬት ሰርቨሮቹ ሁሉ የአንድ ዊንዶውስ ዶሜይን አባላት ስለ ነበሩ፥ አንድ የተጠቃሚ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው ሁሉንም ይደርስባቸው ነበር። የይለፍ ቃሉም ብርቱ አልነበረም። ማንነት የሚያረጋግጠውና ማኅተም የሚያትመው በአንድ ጣራ ሥር፥ በአንድ ቁልፍ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። የሆላንድ መንግሥት ሴፕቴምበር 3 ቀን እምነቱን አንሥቶ ሥራውን ተረከበ፤ ሴፕቴምበር 20 ቀን ድርጅቱ መክሰሩ ታወጀ። ነገሩ ለአደባባይ የበቃው በኦገስት መጨረሻ ነው፤ የክሮም ብራውዘሩ ሰርተፊኬቱን አልቀበልም ያለው አንድ ኢራናዊ፥ ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በይፋ በመጠየቁ ነው።

እኛስ? በብዙ ግቢ እንደሚታየው የዋይፋዩ ወይም የምዝገባው ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ይለናል። ለሚመለከተው ቢሮ ብናመለክት መልሱ «ግድ የለም፥ ቀጥል በለው» ነው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በሺህ የሚቈጠር ተማሪ የተሰበረ ማኅተም እያየ እንዲያልፍ ይሠለጥናል እንጂ ይህ ምን ይባላል? ነገ በዶርም ውስጥ አንዱ ቀልደኛ ያንኑ ገጽ አስመስሎ ቢዘረጋ የይለፍ ቃላችንን በእጃችን እንሰጠዋለን። የመምህሩ ከሆነ ደግሞ ማርኩ ይለወጣል፤ መዝገቡም የለወጠው መምህሩ ራሱ ነው ብሎ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ያምናል?

በማሽን ክፍሉ ያሉትን ሠራተኞች ለመውቀስ አልተነሣንም። ጥቂት ናቸው፤ ሌሊት ይጠራሉ፤ ሲበላሽ እንጂ ሲሠራ የሚያመሰግናቸው የለም። አንድ ሰው ትልቁን ማሽንም የማንነት ሰርቨሩንም ማኅተሙንም እንዲይዝ የሚደረገው በክፋት ሳይሆን ሌላ ሰው በመጥፋቱ መሆኑን እናውቃለን። ይሁንና ያ ሰው ቅን ቢሆንም እንኳ የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ ሌባው ሁሉን ይወርሳል። በበኩላችን ትልቁን ማሽን የሚያዝዘው ሰው ዋናውን ማኅተም መያዝ የለበትም ባዮች ነን።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። ዋናው ማኅተም በየቀኑ አያስፈልግም። ለታናሹ ማኅተም አንድ ጊዜ ፈርሞለት የዕለት ሥራውን ታናሹ ይሠራል፤ ዋናው ከመስመር ተነቅሎ ዲስኩ በምስጢር በተቈለፈ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ሆኖ በካዝና ሊያድር ይችላል። የተሻሩትን ሰርተፊኬቶች ዝርዝር ለማደስ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይከፈታል። ሬጅስትራሩ ለጐማ ማኅተሙ ካዝና ካለው፥ ከጐኑ ለአንድ ላፕቶፕ ቦታ አይጠፋም። ገንዘብ ሲገኝ ቁልፉን ከውስጡ የማያወጣ ልዩ መሣሪያ ይገዛ። የማንነት ሰርቨርም ቢያንስ አንዱ ከቨርቹዋሉ ጭፍራ ተለይቶ በገዛ ብረቱ ይቁም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ለእንዲህ ያለው ማኅተም በሕግ ፊት ዋጋ ሰጥቶታል። ዲግሪያችን በወረቀት ብቻ የማይሰጥበት ቀን ሩቅ አይመስለንም። ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው ለአስተዳደሩ በጽሑፍ እንዲያቀርብልን የምንሻው ጥያቄ ይህ ነው፤ የግቢያችን ዋና ማኅተም ቁልፍ በፋይል ውስጥ ነው ወይስ በካዝና? ስንት ሰው ይደርስበታል? ብራውዘሩ እንዳያስጠነቅቀን የምዝገባው ገጽ እስከ መቼ ይስተካከላል? ቁልፉን አሳዩን አላልንም፤ የጠባቂዎቹን ቍጥር ብቻ ይንገሩን።