የተማሪዎች ጥርስና የሐኪም እጥረት

ሐኪም በማይበዛበት አገር የተማሪዎችን ጥርስ ማን ያክም? የኒውዚላንድ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሊመረመር የሚገባው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና የቀረቡት ወጣቶች ጥርሳቸው እጅግ ተበላሽቶ ተገኘ። የሠራዊቱ የጥርስ ሕክምና አለቃ የነበሩት ቶማስ ሃንተር፥ ሕክምናው ከሕፃንነት መጀመር እንዳለበት ተረዱ። ስለዚህ በ1921 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ወጣት ሴቶች ተመርጠው በዌሊንግተን ከተማ የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣቸው ጀመር። ሥልጣናቸው የተወሰነ ነበር፤ የልጆችን ጥርስ መመርመር፥ የተቦረቦረውን መሙላት፥ የማይድነውን መንቀል። ከዚህ የከበደውን ለሐኪም ያስተላልፋሉ። ከሐኪሞች ወገን ተቃውሞ አልጠፋም።

እንደሚመስለኝ ግን የሥራው ኃይል ከመሣሪያው ይልቅ በቀጠሮው ላይ ነው። ክሊኒኩ በተማሪ ቤቱ ግቢ ስለ ነበረ፥ ነርሷ ልጁን በየስድስት ወሩ ከክፍሉ ታስጠራዋለች፤ ሕመሙ እስኪያስለቅሰው፥ አባቱም ከሥራው እስኪቀር ድረስ አትጠብቅም። ልጆቹ ክሊኒኩን «የግድያ ቤት» ብለው ሰይመውታል፤ በእግር እየተረገጠ የሚዞረውን መሰርሰሪያ የቀመሰ ሰው አይፈርድባቸውም!

ጉድለቱ ሌላ ነው። የተቦረቦረውን መሙላት መጠገን እንጂ መከላከል አይደለም፤ ልጁም ስኳሩን አልተወም። በጥንቃቄ የተሞላለት ተማሪ በጎልማሳነቱ ጥርሱን ሁሉ አስነቅሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማድረጉ ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። በሄስቲንግስ ከተማ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የተጨመረው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

ዛሬ በዚያ አገር የልጆች መደበኛ የጥርስ ሕክምና እስከ 18 ዓመት በነጻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው ሰው ከኪሱ ይከፍላል።